ጥያቄ ዘጠኝ

ደሴ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤
ጦሳ ጉሙን ከራሱ ላይ ዛሬም አልገለጠው።
በትከሻዬ ቦርሳ፣ በቦርሳዬ ቅጽ፣
መቶ ሃያ ልጆች፣ ለአንዱ ልጅ አራት ገጽ፦
ስድሳው ከሳላይሽ፣ ማታ ማታ ብስክሌት መጠገን ከተማሩት፣
ስድሳው ከወንዝ ማዶ፣ ምንም ካላገኙት።
የማዶዎቹን ቅጹ «ማነጻጸሪያ» ይላቸዋል፤
ያልዘነበለት ማሳ ለዘነበለት ምስክር ይሆናል።

ሸምሱ አበጋዝ ነው መሪው፣ የፋብሪካ ጡረተኛ መካኒክ፤
ለልጅ የላላ ብሎን ይሰጠዋል እንጂ አይቆጣ፣ አይሰብክ።
በሩ ላይ ያዘኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቃል ፈልጎ፦
«የኔ ልጅ፣ በጀቱ ሰኔ ላይ ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ያንተ እርሳስ ያውቃል።»
«አብሽሩ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?
ተስፋ መስጠት በመመሪያው ክልክል ነው፤ ዝም ማለት ግን ይቻላል።

ጥያቄ ዘጠኝ፦ «ባለፉት ሠላሳ ቀናት የሰው ንብረት ወስደህ ታውቃለህ?»
ምርጫው አራት ነው፦ በፍጹም፣ አንዴ፣ ሁለት ሦስቴ፣ ዘወትር፤
ልጆቹ ከጥያቄው በፊት ፊቴን ያነባሉ፣ እንደ ፊደል፣ እንደ ቁጥር።
የሳላይሽ ልጆች፣ አንድ ባንድ፣ «በፍጹም»።
ቁማር? «በፍጹም»። ድንጋይ? «በፍጹም»።
ጫት? ትንሽ ቆም አሉና፦ «በፍጹም»።
ሙሔ ኪሱን በመዳፉ ደፍኖ ነው የመለሰልኝ፤
የውርርዱ ደረሰኝ ጫፍ በጣቶቹ መሃል ታየኝ።
ምን ልጻፍ? ያለውን ጻፍኩ። ያየሁትን አልጻፍኩም፤
ቅጹ ጆሮ እንጂ ዓይን አልሰጠኝም።

ወይዘሮ ዙበይዳ፣ ከሱቋ መስኮት ላይ፦
«ድሮ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር የምዘጋው፣ ድንጋዩን ፈርቼ፤
አሁን እስከ ሁለት ተኩል እቆያለሁ፣ መብራቴን አብርቼ።»
«በሸምሱ ምክንያት ነው?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች፦
«እኔ እንጃ። አምና የመንገዱ አምፖልም ገብቷል» ብላ ሳቀች፤
«ደግሞ ልጅ ያድጋል እኮ፣ ይኸም አለ» አለች።
የተወረወረ ድንጋይ ይቆጠራል፤
ያልተወረወረው መንገድ ዳር ተኝቶ ድንጋይ ብቻ ይመስላል።

ሐሙስ ቦርከናን ተሻግሬ ወዲያኛው ሰፈር ወጣሁ፤
ግንብ ሥር ተደርድረው ጠበቁኝ፣ አንድ ባንድ ጠራሁ።
ታደገ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ፦
«ዘወትር!» አለ፣ እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ሳትደርስ።
«ቁማርም ዘወትር። ድንጋይ በቀን ሦስቴ፣ እንደ ኪኒን!»
ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።
«ምን ሰረቅህ?» ብዬ፣ ይህ በቅጹ የለም፣ ጠየቅሁት፤
ጫማውን አየ፣ ጦሳን አየ፤
ያልሰረቁት ዕቃ ስም የለውም፣ ፈልጎ አጣለት።
ቀስ ብሎ፦ «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ያሉት
በጣም ሌባ ስለነበሩ ነው አይደል ብስክሌቱን ያገኙት?»

ዝናብ ጀመረ። ቅጹን በሆዴ ሸፈንኩ።
«እኛ ጋ መቼ ነው?» አለ። የሚቀጥለውን ልጅ ጠራሁ።

ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ የሐረጎ ጥምዝ ላይ ሚኒባሱ አዘነበለ፤
ቅጾቼ ከወንበር ሥር ተበተኑ፤ የሰፈሩ ኮድ በጭቃ ተከለለ።
«አብሽር» አሉኝ፣ ለቀሙልኝ፣ አንዷ በሻርፗ ጠረገችልኝ።
ኮዱ ባይነበብም መለየቱ አልከበደኝ፦
«በፍጹም» የሚሉትን ጉልበቴ ላይ፣ «ዘወትር» የሚሉትን ከጎኔ፤
ሁለት ክምር፣ ሁለት ሰፈር፣ አንድም ሳልሳሳት በዓይኔ።

አንድ ቅጽ ግን ተረፈኝ።
ጥያቄ ዘጠኝ ላይ «አንዴ» ይላል።
ገለበጥኩት፣ ፊቱንም ጀርባውንም፤ ከወዲህ ይሁን ከወዲያ አይናገርም።
የኮምቦልቻ መብራት ከታች መታየት ጀመረ፤
እኔ ገና በእጄ ይዤዋለሁ።